የግንቦት ሃያ አንዱ ዝናብ

ውብነሽ አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስከፍላት ብትጠየቅ በጣቷ ቆጥራ ትናገራለች። ከምንጭ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ያውም በሁለት ምልልስ። ከገደሉ ሥር አንድ ሸክም ጭራሮ። ልጇን ዓለምዬን አዝላ ማሽላ መልቀም፣ ሽሮ መንፋት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የንባብ ቤቱን መጻሕፍት ከአቧራ ማራገፍ። ይህ ሁሉ ጉልበት ነው፤ ጉልበትን እንቅልፍ ይመልሰዋል። እንቅልፍ የማይመልስላት ወደ ምንጩ ስትወርድ የምትዞረው ዙሪያ ነው። ቀጥታው መንገድ በእትዬ ተዋበች ደጅ ያልፋል። እሷ ግን ይኸው ሁለት ዓመቷ፣ በቁልቋሉ በኩል ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተች ትዞራለች።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ምርጫ ነው።

ከአርብ ገበያ የግማሽ ሰዓት መንገድ በምትርቀው በዚያች መንደር፣ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በኋላ አንድ የንባብ ክበብ ተቋቁሞ ነበር። ፊደል የለየውም ያልለየውም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሰበሰባል፤ ውብነሽ አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች መጽሐፉን መርጣ ታነባለች። በ1976 መጋቢት ላይ ግን ክበቡ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ስለ ማዳበሪያ ተነቧል፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ተነቧል፣ ስለ ሆድ ትላትል ሁለት ጊዜ ተነቧል።

«ውብዬ፣ ዛሬስ የማን ሆድ ውስጥ ልታስገቢን ነው?» ይላታል አያ ማሞ፤ ባለ ጥንድ በሬ ገበሬ ነው፣ አፉ ግን ከበሬዎቹ ይቀድማል።

ሰዎቹ ይስቃሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ግን ግማሾቹ አይመጡም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አስማረ ደግሞ «ሃያ ሰው ካልሞላ ቤቱን የእህል መጋዘን አደርገዋለሁ» ብሎ ነገራት።

በዚያው ሰሞን አንድ ካርቶን መጻሕፍት መጣ። ከሥሩ ሦስት ቀጫጭን የትርጉም መጻሕፍት ተገኙ፤ ፈረንጆች ከመቶ ዓመት በፊት፣ አውሮፕላን ገና ሳይታሰብ፣ ወደፊት የሚሆነውን በሐሳባቸው እየፈጠሩ የጻፏቸው ናቸው። ውብነሽ ዓለምዬን እያጠባች በሦስት ቀን ጨረሰቻቸው። አንደኛው ከባሕር በታች ስለሚኖር ሕዝብ ነው፤ ባሕር ያላየ ሰው ምን ይለዋል ብላ ተወችው። ሁለተኛው ስለሚያርስ የብረት ሰው ነው፤ አያ ማሞ ሲቀልድበት ዓመት ይፈጃል። ሦስተኛው «የደመና ነጂዎች» ይባላል። የሰማይ መርከብ ሠርተው፣ ከባሕር ላይ ደመና እየጎተቱ ድርቅ ወደመታው አገር ስለሚነዱ ሰዎች ነው። ደራሲው ታሪኩን ያደረገው ለእሱ ዘመን እጅግ ሩቅ በሆነው በ1976 ነበር። ተርጓሚው ወሩንና ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ፣ የፈረንጆቹን ዓመት ግን ሳይቀይር እንዳለ ትቶታል። ስለዚህ ገጽ አርባ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ «በ1976፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ዝናቡ ወረደ።»

ውብነሽ ብቻዋን ሳቀች። ይኸኛው ሰው ይሰበስብልኛል አለች።

ባሏ ዋለ ልብስ ሰፊ ነው፤ በልጅነቱ ቤተ ልሔም ወደምትባለው የዜማ ደብር ሄዶ ድጓ ጀምሮ ነበር። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና የመጀመሪያውን ገጽ አሳያት። «ይህ ታሪክ ልብ ወለድ ነው፤ የተፈጸመም ሊፈጸም የተወሰነም አይደለም» ይላል።

«ይቺን አስቀድመሽ አንብቢላቸው» አላት። «በቅዳሴ እንኳ የማን መልእክት እንደሆነ ሳይነገር ንባብ አይጀመርም።»

«እሺ» አለች።

እሑድ ዐሥራ አንድ ሰው መጣ። ውብነሽ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፣ የዐሥራ አንዱን ሰው ፊት አየች፣ ገጹን አለፈችው። ተረት ነው ካልኳቸው ማን ይቀመጥልኛል ብላ ነው። በሳምንቱ ሃያ ስድስት ሆኑ። ገጽ አርባ በተነበበ ዕለት በሩ ላይ የቆሙ ነበሩ።

«ግንቦት ሃያ አንድ?» አለች የሻረግ የምትባል ጎረቤት። «የማርያም ዕለት እኮ ነው!»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አያ ማሞ። «እስካሁን ትል ስታስቆጥሪን ኖርሽ፣ ይኸን የመሰለ ነገር ቀብረሽ!»

ሁሉም ሲወጣ እትዬ ተዋበች ቀረች። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት፣ አንዲት ጥማድ መሬት ያላት ሴት ናት። በዘመቻው ጊዜ ስሟን መጻፍ ያስተማረቻት ውብነሽ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለቻት።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር የምር ነው? ማሞ በሬውን የሚያውሰኝ አሁን ነው፣ በሰኔ ለራሱም አይበቃው። ገብሴን በደረቁ ልዝራው ወይ?»

ዓለምዬ ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች። ጓድ አስማረ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። ውብነሽ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እትዬ» አለች።

ውሸት አልተናገረችም። ግን ለእትዬ ተዋበች መጽሐፍ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካህን የሚሳለመው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው። ውብነሽ ይህን ታውቃለች። እያወቀች ነው የመለሰችላት።

እትዬ ተዋበች ዘራች። የዘራችው ከእናቷ የወረሰችውን፣ ከሌላው ገብስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚደርሰውን ጥቁር ገብስ ነው። በዚያ አካባቢ ከእሷ ጎታ በቀር አልነበረም። ለዘር ስታስቀምጠው የኖረችውን አንድም ሳታስቀር በተነችው።

ግንቦት 21 ቀን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከጉና ተራራ በኩል ደመና መጣና ዘነበ።

መንደሩ እልል አለ። ውብነሽን እጇን እየሳሙ «አንቺ ባትኖሪ!» አሏት። ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህ ነው፤ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ራሷም መጽሐፉን አምና ነበር።

ያ ዝናብ ዘሩን ለማብቀል በቃ፣ ለማሳደግ ግን አልበቃም። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ተዘጋ። ሰኔ ሲጋመስ ቡቃያው እንደ ጭድ ነጣ። እትዬ ተዋበች ማሳው ዳር ተቀምጣ ስትነቅለው ውብነሽ ከሩቅ አየቻት፤ ሥሩን እያገላበጠች፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይበቅል ቀርቶ እንደሆነ ትፈልግ ነበር።

በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ውብነሽ በሰው ፊት ቆማ ያለፈችውን ገጽ አነበበች። አያ ማሞ እንኳ ዓይኑን ወደ እትዬ ተዋበች መለሰ።

«ስጠይቅሽ ይኸን አንብበሽው ነበር?» አለች እትዬ ተዋበች።

«አንብቤው ነበር።»

«ያን ጊዜ?»

«ያን ጊዜ። ክበቡ እንዳይፈርስብኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ተዋበች ከዘራዋን አንስታ ወጣች። በማግስቱ ውብነሽ ከጎተራዋ ሁለት ቁና ነጭ ገብስ ይዛ ሄደች። ሴትዮዋ ተቀበለቻት፣ ጊዜው እምቢ የሚባልበት አልነበረምና። «እግዜር ይስጥሽ፣ ይኸ ለሆድ ነው» አለቻት። «ያኛው ግን የእናቴ ነበር።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ውብነሽ በቁልቋሉ በኩል መዞር የጀመረችው።

ቀጥሎ የመጣውን ዓመት ያየው ያውቀዋል፤ እዚህ አይጻፍም። እትዬ ተዋበች ግን ተረፈች። ክበቡም አለ። አሁን ውብነሽ ከማንበቧ በፊት «ይኸ የሆነ ነው» ወይም «ይኸ የታሰበ ነው» ትላለች፤ ሰዎቹ የታሰበውን መርጠው «የታሰበውን አምጪ!» ማለት ለምደዋል። ለካ ተረት መሆኑን ቢያውቁም ይቀመጡ ኖሯል። ይህን ማወቋ ደስ ሊላት ሲገባ ያንገበግባታል።

ባለፈው ሳምንት አያ ማሞ ከንባብ ቤቱ በር ላይ ያዛት።

«ተዋበች ልካኝ ነው። ‹ውሸትም ይሁን፣ እነዚያ ደመና ነጂዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?› ትላለች። ሦስት ምዕራፍ ቀርቶናል እኮ፣ አንቺ!»

ውብነሽ ሳቀችም አለቀሰችም። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳም አስቀመጠችው። ባዶ እጇን በዚያ ደጅ ማለፍ አልሆነላትም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡትን ውብነሽ አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ «በእስቴም ሆነ በስማዳ፣ በወገዳ ዙሪያም ቢሆን፣ ቶሎ የሚደርሰው ጥቁር ገብስ በቤታችሁ ካለ፣ አንድ እፍኝ ቋጥራችሁ አርብ ገበያ ለሚመጣ ሰው አስይዙልኝ። ዓርብ ዓርብ ከልብስ ሰፊው ከዋለ የስፌት መኪና አጠገብ አለሁ። ዘሩን ለእሷ ሰጥቼ መጨረሻውን ላነብላት እፈልጋለሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ።»