የ«መ» ክፍሏ ባልንጀራዬ

ዛሬም ከሰል ነክቼ ጣቴ ሲጠቁር ቶሎ አልታጠብም። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የከሰል ብናኝ በሸተተኝ ቁጥር ሰቆጣ ከባልንጀራዬ ጋር ተከራይተን የተማርንባት ክፍል፣ የሳንቃ በሯ ሳይቀር፣ ፊቴ ድቅን ይላል።

ሁለታችንም የሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ልጆች ነበርን። አርብ ወደ ቤተሰቦቻችን ወርደን፣ እሑድ ዱቄትና ድርቆሽ ተሸክመን እንመለሳለን። ዘጠነኛ ስንገባ በስምንተኛ ውጤታችን ደለደሉን፤ ጎበዝ የተባለው «ሀ»፣ መካከለኛው «ለ»ና «ሐ»፣ ሰነፍ የተባለው «መ»። እኔ «ሀ» ደረሰኝ፣ እሷ «መ»። ወይ ጉድ! ሒሳብ የምታስጠናኝ እኮ እሷ ነበረች።

ደብተር እንዳያልቅብን በሩ ላይ በከሰል ትሠራለች። የአሥር ሰዓት ፀሐይ በሩ ላይ ሲያርፍ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣና ለራሷ እያንሾካሾከች ታሰላለች። አከራያችን «አንቺ ልጅ፣ በሬን ምድጃ አስመሰልሽው!» እያሉ ይቆጧታል። አማርኛ ግን ያስቸግራት ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን በትክክል ጽፋ «እንዴት አገኘሽው?» ስትባል ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ ኮረጀች ይሏታል።

አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ከሌሎቹ ክፍሎች ጎበዝ ካገኙ አንድ ተማሪ ወደ «ሀ» እንደሚያመጡ ነገሩን። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት።

«እኔን ያመጡኝ ይሆን?» አለች።

«አንቺን ካልሆነ ማንን!»

በዚያው ሳምንት አንድ ከባድ ጥያቄ በእሷ ዘዴ ሰሌዳ ላይ ሠራሁ። መምህሩ ተገርመው ቆሙ። «ይህን መንገድ እኔ አላስተማርኳችሁም። ማን አሳየሽ?»

ክፍሉ ሁሉ ያየኛል። የ«መ» ልጅ አስጠናችኝ ማለት አፈርኩ።

«ራሴ ነኝ» አልኩ። አስጨበጨቡልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር።

ወደ «ሀ» የመጣው ግን ከ«ሐ» አንድ ተማሪ ነበር። እሷ ለፋሲካ ወደ አገሯ እንደሄደች ቀረች። «ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ላከችብኝ።

አምና ሰቆጣ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ተቃቅፈን ተላቀስን። ልጇን አስከትላለች፤ ዘጠነኛ ልትገባ ነው።

«በእኔ ወጥታ ሰነፍ እንዳትሆን እፈራለሁ» አለችኝ።

እዚያው፣ ሰው እየገፋን፣ ለመምህሩ ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት። ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ! ያኔውኑ ሰምቻለሁ። ብትነግሪያቸውስ ማን ያምንሽ ነበር? እኔ ራሴ አላምንሽም ነበር።»

ልጅቷን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ «ስሚ፣ ሒሳብ ያስተማረችኝ እናትሽ ናት» አልኳት።

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻትና አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።