የተሸፈነው እጄ

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ መውለዷን ሰምቼ ከሸዋ በር ባጃጅ ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ጠያቂዎቿ አራሷን እስከ አገጯ በጋቢ ጠቅልለዋታል፤ ላቧ ይንቆረቆራል። ገና ከበሩ ደሜ ፈላ።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ እንዲሁ በክረምት ነው። በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ፤ የደም ግፊቴም ክፉኛ ወረደ። ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ከግሉኮስ ጋር በግራ እጄ ተሰካልኝ። ነርሷ ሲስተር ፈቲያ ከአጠገቤ አትጠፋም። ግፊቴን ትለካለች፣ መርፌው የገባበትን ታያለች፣ ጣቶቼን ትዳስሳለች፣ «ያቃጥልሻል?» ትለኛለች።

አስታማሚዬ የባለቤቴ አክስት እትዬ በላይነሽ ነበሩ።

«እማማ፣ ይህ መድኃኒት ከደም ሥር ወጥቶ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድለዋል። እጇን እንዳይሸፍኑት፤ ማየት አለብኝ» አለቻቸው ሲስተር ፈቲያ።

«እሺ ልጄ» አሉ። ሌላ በሽተኛ ጠርቷት ዞር ስትል ጋቢውን እስከ ትከሻዬ ሳቡት።

«እትዬ፣ እጄን አቃጠለኝ፤ ይግለጡልኝ።»

«ዝም በይ! አራስ ብርድ ከመታት ዕድሜዋን ስታቃስት ትኖራለች።»

«እሳት ነው የሚመስለኝ፣ እትዬ።»

«ቻይው። እኛ ያን ሁሉ ስንወልድ ማን ሰማን?»

ጋቢውን የምገፋበት አቅም አልነበረኝም። ደግሜ አፌን ስከፍት ገንፎ አጎረሱኝ። ቅቤው እስካሁን ይሸተኛል።

ሲስተር ፈቲያ ተመልሳ ጋቢውን ገፈፈችው። የመርፌው ዙሪያ አብጦ፣ እንደ ኖራ ነጥቶ ቀዝቅዟል። ሐኪሙን ጮኻ ጠራች። ግፊቴ እንዳይወርድ መድኃኒቱን ወዲያው ወደ ቀኝ እጄ አዛወረችው። የግራውን መርፌ ሳትነቅል የፈሰሰውን በሲሪንጅ መልሳ ሳበች።

«ጋቢውን ምን አርጊ ብሎሽ ነው የምትወረውሪው? አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አሉ እትዬ።

«አልወለድኩም እማማ። የጠቆረ እጅ ሲቆረጥ ግን አይቻለሁ፣ ወላሂ!»

እጄ ተረፈ፤ ጠባሳ ብቻ ቀረ።

ትናንት አራሷን «ምን ይሰማሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እስከዚያ ድረስ የጠየቃት አልነበረም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን በሁለት እጄ አቅፌ አሳደግኩ። ሲስተር ፈቲያን ስጸልይ ሳላነሳት አላልፍም። እትዬ በላይነሽም ካረፉ ቆዩ፤ ነፍስ ይማር እላለሁ። ይቅር ማለቱ ግን እስካሁን አቅቶኛል፤ እሱንም ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ።