አዋላጇና የባዝራዋ ጀርባ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር ዘምዘም የምትባል አዋላጅ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። ከሮቢ ወንዝ ወዲህም ወዲያም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቤቱ ምጥ ሲገባ የሚልከው ወደ እሷ ነው። ሆድ ዳስሳ ልጁ በራሱ ይምጣ በእግሩ የምታውቅ፣ የተጣመመውን አሽታ የምታቃና ሴት ነበረች። ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ስለዚህ ሟች ባሏ የተወላትን ባዝራ ፈረስ ትጋልባለች። ባዝራዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ትባላለች፤ ቁልቁለቱንም ጭቃውንም የለመደች፣ ከልጓም ይልቅ በቃል የምትታዘዝ ነበረች።

ጠባይዋ መለወጥ የጀመረው በመስከረም ነው። ኮርቻ ሲመጣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። መታጠቂያው ሲጠብቅ ልትናከስ ትዞራለች። ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዘምዘም ዝንብ ነው፣ ሙቀት ነው እያለች አለፈችው። ከዚያ የፈለቀች ምጥ መጣ።

ፈለቀች ከወንዝ ማዶ ያለች የገበሬ ሚስት ናት፤ ያረገዘችውም የመጀመሪያዋን ነበር። ዘምዘም እንደ ተላከባት ጊዜ ሳታጠፋ ተነሳች። ወንዙ መውረጃ ላይ ቦራ አልወርድም አለች። ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻም በአለንጋ ገረፈቻት። ባዝራዋ ንቅንቅ አላለችም። ዘምዘም በእግሯ እየተጎተተች ስትደርስ ልጁ ታፍኖ ሞቶ ነበር። ፈለቀች አልወቀሰቻትም። «አንቱ ምን ታደርጉ፣ እትዬ» አለች ብቻ። ወቀሳ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ያቺ ቃል ዘምዘምን እህል አላስቀምስ አለቻት።

ወንድሟ አብዱልሃዲ ነገሩ ቀላል መስሎታል። «ጅን ሰፍሮባታል፤ ወላሂ ሽጫት። አለዚያ ጣሊያኖቹ ለጭነት ይነዷትና ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ።»

«ጣይባስ?» አለችው።

ጣይባ የአብዱልሃዲ ልጅ ናት፤ የተዳረችው ጀውሃ አጠገብ ነው። ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቢቀራት ነው። አባትየው ከዚያ ወዲያ ሽጫት አላላትም።

በማግስቱ ዘምዘም ቦራን ያለ ኮርቻ ከግራር ጥላ ስር አቆመቻት። ጀርባዋን አየች። ገጣባ አይደለችም፤ ቁስልም እብጠትም የለባትም፣ ፀጉሯ እንኳ አልተመለጠም። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና እንደ እርጉዝ ሆድ በመዳፏ ትዳስሳት ጀመር፤ ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ። በቀኝ በኩል ሥጋው ለስላሳ ነው። በግራ በኩል፣ ከትከሻ አጥንቷ ኋላ ስትደርስ ግን ጣቷ እንደ ተከረረ ገመድ የጠነከረ ነገር አገኘ። ጫን ስትለው ቦራ ወገቧን ወደ ታች ሰበረች፤ ቆዳዋ ተንዘፈዘፈ፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ታመሽ ኖሯል ለካ» አለች ዘምዘም። የመታቻት አለንጋ ትዝ አላትና ፊቷን ጋማዋ ውስጥ ቀበረች።

ሕመሙን አገኘች፤ ከየት እንደ መጣ ግን አልገባትም። ኮርቻው ያው የባሏ ኮርቻ ነው። ቆይታ ነሐሴ ላይ የሆነውን አስታወሰች። የመኪናው መንገድ ኬላ ላይ ወታደሮች የአርበኛ ደብዳቤ ይዘሻል ብለው ኮርቻውን መሬት ጥለው በሰደፍ ደብድበውት፣ የውስጡን ጭድ በሳንጃ ዘርግፈውት ነበር። ቤቷ ወስዳ ጠቅጥቃ የሰፋችው ራሷ ናት።

ኮርቻውን ተሸክማ፣ ቦራንም እየሳበች ወደ ኮርቻ ሠሪው ወደ ሳልህ ሄደች። ሽማግሌው ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን አወናጨፈ።

«ከደጄ አርቂልኝ! ለሽፍታ ኮርቻ ትሠራለህ ብለው ጣሊያኖቹ የወሰዱት ሰው እስካሁን የት እንደ ገባ አልታወቀም።»

«ጋሼ ሳልህ፣ የእኔ እኮ ነው።»

«እነሱ ያንቺንና የሌላውን በምን ይለዩታል?»

ዘምዘም ግን አልሄደችም፤ ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ሳልህ ቤት ገባ፣ ወጣ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፣ ተመልሶ ገባ። በመጨረሻ መርፌውንና ወስፌውን ይዞ ብቅ አለ። «እንግዲያው ሜዳ ላይ እንሠራዋለን፤ ገበያተኛው ሁሉ እያየ። ደብቀው ሠሩ እንዳይባል።»

ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ላይ ስፌቱን ፈታው። በግራ በኩል ጭዱ ተድቦልቡሎ ድንጋይ ሆኗል። ዘምዘም እፎይ ልትል ስትል ሳልህ ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱን ኮርቻው ላይ አሳርፎ ተጫነው። ውስጡ ያለው እንጨት ሲጢጥ አለና ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ከፈተ፤ ሲነሳ ተመልሶ ገጠመ።

«አየሽው? ሰው ካልተቀመጠበት አይታይም። አንቺ በተቀመጥሽ ቁጥር እንጨቱ ይነክሳታል።»

እንጨቱን ለወጠው፤ በጭዱ ፈንታ የተባዘተ የበግ ፀጉር ሞላበት። ቦራ ላይ አስቀምጦ መዳፉን በስሩ እያሳለፈ፣ ሁለት ጊዜ አንስቶ አስተካከለው። «ኮርቻው ድኗል» አላት፣ «እሷ ግን ገና ናት። አንድ ወር አትቀመጪባት።»

«ወር የለኝም፣ ጋሼ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧትና ከሰዓት በኋላ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥራ የጠነከረው ላይ ታሳርፋለች፤ ቀጥላም ቅቤ በእጇ አድርጋ ከዳር ወደ መሐል፣ ቀስ እያለች ታሸዋለች። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇ ይቆማል። እንስሳ ሊነዱ መጡ? ድምፁ አልፎ ሲጠፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትቀጥላለች። በዘጠነኛው ቀን ቦራ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ከንፈሯን ጣለች፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ገመዱ ላልቷል፤ ግን አልጠፋም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የጣይባ ባል ሐሚድ እያለከለከ መጣ። «ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ይዟታል! ሌሊቱን ሙሉ ነው።»

«ቀድመህ ሂድ፣ መጣሁ» አለችው። ቦራን ጫነች። ሜዳው ላይ ልትቀመጥባት፣ ቁልቁለቱን በእግሯ ልትወርድ ወሰነች። በልቧ ግን የፈለቀች ቤት ዝምታ ነበር።

ኬላው ጋ ስትደርስ በእግሯ እየሳበቻት ነበር። ወታደሩ አስቆማት። አስተርጓሚው፣ «የተጫነ ፈረስ እያለሽ በእግርሽ የምትሄጂው ለምንድን ነው? ኮርቻው ውስጥ ምን አለ?» አላት። ወታደሩ ሳንጃውን መዘዘ።

ዘምዘም የቦራን ጀርባ በእጇ አሳየች። «ጀርባዋን ያማታል። በመዳፉ ይንካትና ይየው በልልኝ።»

ወታደሩ ተጠራጥሮ እጁን ከኮርቻው ጠርዝ ስር ሰደደ። ቦራ ሸሸች። እንደገና፣ አሁን በዝግታ፣ ነካት። ምን እንዳሰበ ከፊቱ አይነበብም። ሳንጃውን መለሰና መታጠቂያውን ፈትቶ ኮርቻውን አወረደ፤ ዙሪያውን በጣቱ ፈተሸው።

«ኮርቻው እዚህ ይቀራል» አላት አስተርጓሚው። «አንቺ ሂጂ።»

የቀረውን መንገድ የቦራን ጋማ ጨብጣ፣ ክብደቷን በባዝራዋ ትከሻ ላይ ጥላ ሄደች። ስትደክም ቦራ ትቆምላታለች። ጀውሃ ዳር ስትደርስ ከቤቱ የሕፃን ልቅሶ ሰማች። ጣይባ ቀድማት ወልዳለች! ደጁ ላይ ስትደርስ ግን አንዲት ጎረቤት እየሮጠች ወጣች። «እትዬ፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ አለ፤ ደሙም አልቆም አለ።»

የጣይባ ከንፈር አመድ መስሏል። ዘምዘም «ቢስሚላህ» ብላ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ረፍዶብኛል የሚለው ሐሳብ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል፤ እጇ ግን አልቸኮለም። አሸች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አሸች። ሆዷ ከመዳፏ ስር እየጠነከረ መጣ። እንግዴ ልጁ ወጣ፤ ቆይቶም ደሙ ቀነሰ። ዘምዘም እጇን ታጥባ ልጂቱን የታቀፈችው ያን ጊዜ ነው።

በአምስተኛው ቀን ስትመለስ ኮርቻው ኬላው አጠገብ ፀሐይ ላይ ተጥሎ አገኘችው፤ አንድ እርካብ ጎድሎታል፣ ስፌቱ ግን አልተነካም። የቦራ ጀርባ ላይ ሳትጭነው ሰው አሸክማ ወደ ቤት ወሰደችው። ቦራ ላይ እንደ ልቧ የተቀመጠችው ጥር ሲያልቅ ነበር። ወንዙ መውረጃ ላይ ስትደርስ ልጓሙን ለቀቅ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ባዝራዋ አፋፉ ላይ ቆም ብላ ታቹን አየች፤ ከዚያ የፊት እግሯን አስቀደመችና እየተጠነቀቀች ወረደች።