ካውያውና የሚስቱ ጥርስ

ካውያው በፈላ ውሃ የሚያምን ሰው ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንደሪ ሲያጥብና ሲተኩስ የኖረ ሰው በሌላ በምን ይመን? እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሰፈሩ ሰው ከረሳው ቆይቷል፤ ካውያው ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። ቀኝ ክንዱ ከግራው ይወፍራል። ቅንድቡ ከእንፋሎቱ የተነሳ ዘወትር እርጥብ ነው። እሱ የተኮሰው ሱሪ መስመሩ ጢም ይላጫል ይባልለታል። አመሉን ደግሞ ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል፦ ማንኪያ በፈላ ውሃ፣ ማበጠሪያ በፈላ ውሃ፣ የሳሙና ማስቀመጫው ሳይቀር በፈላ ውሃ። ሚስቱ፣ «አንድ ቀን እኔንም ሳትዘፈዝፈኝ አትቀርም» ትለዋለች።

እሷ የአውቶቡስ መነኸሪያው ድምፅ ናት። ከትኬት ቢሮው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ተሳፋሪው ሁሉ ድምጿን ያውቃል፤ መልኳን የሚያውቀው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሥራውን የመረጠችውም ለዚሁ ነበር። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ወንበር እንዳጠራቸው ተሳፋሪዎች ተገፋፍተው፣ አንዷ ትከሻዋን ቀድማ ያስገባች ይመስል ባልንጀራዋ ላይ ተደርባ ነበር። ስለዚህ ሴትየዋ ስትስቅ እጇ ከሳቋ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል።

ካውያው ያወቃት የደንብ ልብሷን ልታሳጥብ ስትመጣ ነው። በመጀመሪያው ወር ከእጇ በላይ ያሉትን ዓይኖቿን ብቻ አየ። በሁለተኛው ወር ግን አንድ የሥራ ባልደረባው የደንበኛ ኮት ለብሶ መስተዋት ፊት ሲንጎራደድ፣ ባለኮቱ ራሱ ከች አለ። እሷ በሁለት እጇ ልብስ ታቅፋ ነበርና መሸፈኛ አጥታ ሳቋን እንዳለ ለቀቀችው። ያቺ የተደረበች ጥርስ ብቅ አለች። ካውያው በእጁ የያዘውን ረሳና የሰው ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠለ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያቃጠለው ልብስ ያ ብቻ ነው።

ተጋቡ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ የሙሽራዋ ከንፈር ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ቤታቸው ውስጥ ግን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ እጇን ትረሳዋለች። ስለዚህም ያቺ ጥርስ ለካውያው የጓዳ ምስጢር ሆነችለት፤ ሌላ ሰው የማያያት፣ ለእሱ ብቻ ብቅ የምትል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለእሷም ቢሆን።

ልጃቸው አደገች፣ ተማረች፣ ውጭ አገር ሄዳ አገባች። ስትወልድ «እማዬ፣ ድረሺልኝ» አለችና እናት ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ሄደች። ለስድስት ወር የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ያቆያት ሕፃኑ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቷ እናቷን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስዳ ሽቦ አሳሰረቻት። ለካውያው በስልክ የተነገረው «ጥርሴን እየታከምኩ ነው» የሚል ብቻ ነው። እሱም ሕመም መስሎት «በሙቅ ውሃና በጨው ተጉመጥመጪ» ሲል መከረ። በቪዲዮ ስትደውልለትም እጇ እንደ ልማዷ አፏ ላይ ስለነበር ያየው ነገር የለም።

የተመለሰች ቀን ሊቀበላት አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ሻንጣ የጫነ ጋሪ የምትገፋ ሴት በሙሉ ጥርሷ እየሳቀች ወደ እሱ መጣች። ካውያው ማንን አይታ እንደምትስቅ ለማወቅ ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ።

«ምን ታያለህ? እኔ ነኝ እኮ» አለችው።

ጥርሶቿ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እሱ ራሱ የተኮሳቸው ይመስል አንዲት እጥፋት የለባቸውም። አቀፋት፣ ደስም አለው። ደስታው ውስጥ ግን ሩዝ ውስጥ እንደገባች ጠጠር አንዲት ነገር ትቆረቁረው ነበር።

በማግስቱ ሻንጣዋን ስትፈታ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን አወጣች። ውስጡ በጥርሷ ልክ የተሠራ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ስስ ፕላስቲክ አለ።

«መያዣ ነው» አለችው። «ሽቦው ከወጣ በኋላ ጥርስ የድሮ ቦታው ይናፍቀዋል። ይሄ ይዞ ያስቀረዋል። ለጊዜው ስበላ ብቻ ነው የማወልቀው፤ በኋላ ማታ ማታ ብቻ አደርገዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ጥርስ ባለሽ ዘመን ሁሉ አለችኝ።»

ሥራ የጀመረች ዕለት ግን ጉድ ፈላ። ምላሷ ፕላስቲኩን አልለመደውምና «ስ» ሁሉ «ሽ» ሆነባት። «የሽድሽት ሸዓቱ አውቶቡሽ ከሾሽተኛው በር ይነሻል» አለ ድምፅ ማጉያው፤ መነኸሪያው በሳቅ አውካካ። አንድ ሾፌር «ሴትዮዋ ውጭ አገር ደርሳ ቋንቋ ቀይራ መጣች» አለ። ሐኪሟ «ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ ምላስሽ ይለምዳል» ብላት ስለነበር፣ ከሥራ መልስ ጋዜጣ ዘርግታ ታነባለች፤ ካውያው ቁልፍ እየተከለ ያርማታል።

«ስ በይ።»

«ሽ።»

«ኧረ ስ።»

«በሸው ትሽቃለህ እንዴ?»

በዚያ ሰሞን የሳቁትን ያህል ስቀው አያውቁም። በሦስተኛው ሳምንት «ስ» ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እየበላች ሳለ ከመነኸሪያው ተደወለላት፤ ተረኛዋ ታማለች፣ ቶሎ ድረሺ ተባለች። ጫማዋን እያጠለቀች ወጣች። መያዣው ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ካውያው ከፍቶ አየው፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ይዞበታል። እሷ ዘወትር በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ስታጥበው ያያል፤ በእሱ ዘንድ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውሃ ተብሎ አይቆጠርም። ላግዛት ብሎ አሰበ። ማንቆርቆሪያው አሁን ከእሳት መውረዱ ነው። መያዣውን ኩባያ ውስጥ አድርጎ አንቆረቆረበት።

ፕላስቲኩ ዓይኑ እያየ ተኮማተረ፤ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አውጥቶ በጣቱ ሊያቃናው ሞከረ፣ ይባስ ተጣመመ። ሱፍ በፈላ ውሃ እንደማይታጠብ ለስንቱ ሠራተኛ ያስተማረ ሰው ነው። «ዓለም ሁሉ ጥጥ ይመስልሃል፣ አንተ» ሲል ራሱን ሰደበ። ከዚያም መያዣውን ወደ ሣጥኑ መልሶ ሥራ ሄደ፤ ምን ብሎ እንደሚነግራት ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስል እሷ ቀድማው ቤት ገብታ ደወለች።

«መያዣዬ አልገባ አለኝ። ምን ነክቶት ነው?»

«እኔ ነኝ የነካሁት።»

«ምን አደረግኸው?»

«አጠብኩት።»

«በምን ውሃ?» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ሐኪም ፍለጋ ተጀመረ። የመጀመሪያው «ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ አልነካም፤ የሠራችልዎት ዘንድ ይሂዱ» አላት፣ ሐኪሟ ማዶ ሰፈር ያለች ይመስል። ልጃቸው በበኩሏ ከዚያው አሠርታ ልትልክ ሞክራ ነበር፤ ክሊኒኩ ግን «መጀመሪያ ጥርሷን እንያት» አለ። ሁለተኛዋ፣ ወጣቷ ሐኪም፣ ለመሥራት ተስማማች። ችግሩ መያዣ የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለቁ ነው፤ ታዟል፣ ሲደርስ እንደውላለን አለች። ማይክ ክፍል ውስጥ ስልክ ማንሳት ክልክል ስለሆነ የተሰጣት ቁጥር የካውያው ነበር።

አምስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጡ ካውያው ስለ አለቃው አንድ ነገር ሲነግራት ሚስቱ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ያቺን ጥርስ አያት። ትከሻዋን ዘንበል ማድረግ ጀምራለች። ትንሽ ናት፣ ሌላ ሰው ላያያት ይችላል። እሱ ግን የጠፋ ዘመድ መንገድ ላይ ያገኘ ያህል ልቡ ዘለለ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። «ፕላስቲኩ ደርሷል፣ ነገ ይምጡ» አለችው ወጣቷ ሐኪም። «እሺ» አለ። ቤቱ ገባ፣ አልነገራትም። ረሳሁ እንዳይል አልረሳም። ረቡዕም አልነገራትም። ሐሙስ «እስካሁን አልደወሉም?» ስትለው፣ ጀርባውን ሰጥቷት ሸሚዝ እያጠፈ «ይደውላሉ» አላት። ያቺን ቃል እንደተናገረ ጆሮው ጋለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው፣ ጨዋታ አዋቂዋ ልብስ ሰፊ፣ ቤታቸው መጥታ ስለ አንድ ደንበኛዋ ታወራ ነበር። ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ያስሰፋው ሰውዬ ለካ የወንድሙን ሱሪ ኖሯል ይዞ የሚመላለሰው። ካውያው ሳቀ። ሚስቱን ሲያይ ግን ሳቁን አቋረጠ፤ እጇ አፏ ላይ ነበር። ከተመለሰች ጀምሮ ያልተነሳው እጅ ተመልሶ ቦታውን ይዟል።

ጎረቤቲቱ እንደወጣች «ፕላስቲኩ መጥቷል» አላት።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ።» ተቀመጠ። «ጥርስሽ ስትመለስ አየኋት። ትንሽ ትቆይልኝ ብዬ ነው። ናፍቃኝ ነበር።»

ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ እንዲሉ፣ ባልና ሚስቱ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተጋጭተዋል። ዛሬ ግን አልጮኸችበትም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ከውጭ ሆነህ ነው ያየሃት» አለችው። «እኔ ከኋላዋ ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤት መጥረቢያ ነበር የሚሉኝ። አስተማሪው ሳይቀር፣ ግጥም ሊያስነብበኝ ሲፈልግ 'መጥረቢያ፣ ተነሺ' ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አንብቤ አላውቅም። ማይኩን ለምን የወደድኩት ይመስልሃል?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ያቺን እጅ ሲያይ ዓይን አፋርነት ነበር የሚመስለው፤ እንዲያውም ያምርባታል ይል ነበር። ስለ አንድ ሸሚዝ እድፍ ደንበኛውን መቼ ነካህ፣ በምን ነካህ ብሎ የሚያዋክብ ሰው፣ ሚስቱን አንድ ቀን ለምን ብሎ አለመጠየቁ አንገቱን አስደፋው።

«ለመሆኑ የወደድከው እኔን ነው ጥርሴን?»

«አንቺን። እሷ ቀድማ ስለተዋወቀችኝ ነው።»

ሳትወድ በግድ ሳቋ አመለጣት። እጇ ሊነሳ ሲል እሱ ያዘውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሳቁ አልቆ እንኳ አልለቀቀውም።

ሰኞ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ አብሯት ሄደ። ሐኪሟ ጥርሷን አየችና «ብዙ አልራቀችም» አለች። «ሁለት መያዣ እንሠራለን። የመጀመሪያው ቀስ እያለ ወደ ቦታዋ ይገፋታል፣ ሁለተኛው ያስቀምጣታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ያምዎታል። እንዳለች ትቅር ካሉም አሁን ባለችበት መያዝ እንችላለን።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ጣሪያውን አየ፤ ቃል አይወጣኝም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር።

«ይግፋት» አለች።

መያዣው በሚሠራበት ቀን፣ ከክሊኒኩ ኋላ ባለው ክፍል የሚሠራው ባለሙያ ካውያውን ገብቶ እንዲያይ ፈቀደለት። የሚስቱ ጥርስ በነጭ ጄሶ ተቀርጾ ቆሟል። ባለሙያው ስሱን ፕላስቲክ በሙቀት አለሰለሰው፤ መሃሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲረግብ በጄሶው ላይ አወረደው፤ ማሽኑ አየሩን ሲመጠው ፕላስቲኩ ጥርሶቹ ላይ ልጥፍ አለ።

ካውያው አገጩን ይዞ ሲመለከት ቆየና «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አለ።

«እንግዲያው ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። አንዴ ሠርቼዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መያዣ ማጠብ የካውያው ሥራ ሆነ። እሷ ከልክላው ነበር፤ ለምኖ ነው የተሰጠው። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ ይዞ ያጥባል፤ እንደ ሐር። ሻይ ስትቀዳ «አውልቀሻል?» ይላታል። ሬስቶራንት ገብተው በናፕኪን ልትጠቀልለው ካሰበች ሣጥኑን ከኪሱ ያወጣል። አንዳንዴ ይበዛባታል፤ «ጥርሱ የኔ ነው የአንተ?» ትለዋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥርሷን ሲያማት፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ አላልሶ ያቀብላት ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ያቺ ጥርስ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ቆመች። ካውያው አያት፤ አሁንም ትንሽ ከፋው፣ አልደበቃትምም። «ይለፍልህ» አለችው፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ።

ብዙም ሳይቆይ የመነኸሪያው መረጃ መስኮት ላይ ቦታ ተከፈተ። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተሰልፎ የሚጠይቅበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው ፊት የማይዞርበት ሥራ ነው። አመለከተች፣ አገኘችው። ለካውያው የነገረችው ማይኩን ለሌላ ካስረከበች በኋላ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓቱ ሄዶ ሰልፉን ያዘ። ተራው ሲደርስ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

«አቤት፣ ወዴት ነው?»

«አንዲት ሴት ፈልጌ ነበር። ድሮ ላይኛው ክፍል ነበረች።»

«ተዛውራለች። ጉዞ ከሌለዎት ሰልፉን አይያዙብን፤ ከኋላዎ ሰው አለ።»

ከኋላው ያለች ባለሻንጣ «ወንድሜ፣ ቶሎ በል እንጂ» አለችው። ካውያው ወጥቶ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። አንድ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ስለ አንድ አውቶቡስ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ ከመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ ፈገግ ብላ መለሰችለት። እጆቿ ሁለቱም መዝገቡ ላይ ነበሩ። ካውያው ምሳውን ሳይበላ ሰዓቱ አለቀ።

ላውንደሪው ሲደርስ አለቃው ሰዓቱን እያየ «የት ቆየህ?» አለው።

«አውቶቡስ ስጠይቅ» አለና አንድ ሸሚዝ መተኮሻው ሰሌዳ ላይ ዘረጋ።