ጨው ያለው ኬክ

ነጭ ፍጅል ሲፈቀፈቅ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው። ዛሬ ጠዋት ያስለቀሰኝ እሱ ይሁን ሌላ፣ ለማንም አልተናገርሁም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ከቤት አልወጣም። ቤት የዋለ ሰው ደግሞ የቆየ ቂሙን ያስታምማል፣ አየሽ።

ያኔ፣ ሳላገባ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ የቻይና መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ነበር። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ አትክልት አጥብ ነበር። አብሳዩ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ቀጭን ሽማግሌ ነበር። በካምፑ ጓሮ የሚያበቅሉትን ባለ ወፍራም ሥር ፍጅል ፈቅፍቆ፣ ከሩዝ ዱቄትና ከጨው ጋር ለውሶ በእንፋሎት ያበስለዋል፤ ሲበርድ ቆርጦ በዘይት ይጠብሰዋል። ጠርዙ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ለስላሳ ነው፤ ቻይናዎቹ ኬክ ይሉታል። ለነሱ አሳማ ይጨምርበታል። ለኔ ግን አዲስ መጥበሻ አስገዝቶ፣ «ያንቺ፣ ያንቺ» እያለ ለብቻው ሰቀለልኝ። ሌላ አማርኛ ብዙም አያውቅም።

ለኢድ ያንን ኬክ በእናቴ ቤት፣ በገዛ እጄ ሠርቼ ለእጮኛዬ እናት ይዤ ሄድሁ። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበዋል። ከቤይሩት የተመለሰችው ጎረቤታቸውም የካሮት ኬኳን ይዛ መጥታለች፤ ቀረፋው ከበር ይሸታል፣ ከላዩ ስኳር እንደ አመዳይ ተነስንሶበታል። እጮኛዬን ትመኘው እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። የኔን ሳህን አየችና ፈገግ አለች።

«የቻይና ኬክ ያለ አሳማ አይሠራም ይባላል። ወላሂ፣ እኔ ምን አውቄ።»

«አስተግፊሩላህ» አለች አንዷ፣ የጎረሰችውን ወደ መዳፏ እየተፋች። የለበትም ብዬ ማልሁ፤ ማን ሰማኝ። የእጮኛዬ እናት ሳህኑን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው።

እጮኛዬ ከደጅ ገባ። ሳህኑን ከመሬት አነሳ፣ ጮክ ብሎ «ቢስሚላህ» አለና ጠርዝ ጠርዙን እየመረጠ መብላት ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ተው» አለች እናቱ።

«እማ፣ ከእጇ ካልበላሁ ምን ብዬ ላገባት ነው?»

አገባኝ። እናቱ ግን እስክትሞት ድረስ ከእጄ አልጎረሰችም። ውሃ እንኳ ራሷ ትቀዳ ነበር። ለዚህ ነው ያልረሳሁት።

ባሌ ሲሞት ያቺው ሴት ያንኑ የካሮት ኬክ ይዛ ለቅሶ መጣች። «አብሽሪ እህቴ፣ ጣፋጭ ነገር ሐዘን ያስረሳል» አለችኝ። ኬኩን ተቀበልኋት። ሐሙስ ለሰደቃው ስትመጣ ግን ፍጅሌን ጠብሼ ጠበቅኋት፤ ዘሩ ካምፑ ሲፈርስ የቀረልኝ ነው። እነዚያው ሴቶች አርጅተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሳህኑን ጭኗ ላይ አኖርሁት።

«ኛዱ፣ ብዪ። ለነፍሱ ነው።»

የሟች ሰደቃ አይመለስም። እሷም ታውቃለች። ከንፈሯን አነቃነቀች።

«ጮክ በዪ» አልኋት።

«ቢስሚላህ» አለች። በላች። እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምሁ።

«አሳማው እንዴት ነው?»

አንዷ አሮጊት ሳቋን በሻሿ አፈነች።

«ይጣፍጣል» አለች ያቺ ሴት፣ ከሳህኑ ቀና ሳትል።

ይቅር አላልኋትም። አሁን በየሐሙሱ አንድ ሳህን እልክላታለሁ። በባሌ ስም ነውና ልትመልሰው አትችልም። ጠርዙን ግን አልልክም። የተንኮሻኮሸውን ከየቁራጩ ለይቼ በሱ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እስኪበርድ፣ እስኪለሰልስ ድረስ።