አባቴ አልሰከሩም ነበር

ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሟ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዙራ ድንገት በጀርባዬ ስታስተኛኝ ጣሪያው ዞረብኝ፤ ጮህኩ።

ዓይኔን እያየች፣ "እማማ፣ ከጆሮዎ ነው። ውስጡ ያለች ደቃቅ ጠጠር ቦታዋን ለቃ ነው" አለችኝ። ጭንቅላቴን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች፣ በጎኔ አስተኛችኝ፣ አስነሳችኝ። ማዞሩ ቀጥ አለ። (ስንት ጠበል የዞርኩበት ነገር!)

አባቴ ትዝ አሉኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ስማዳ ውስጥ ቄስ ነበሩ። በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ምድር ዞረችባቸውና ወደቁ። መሪጌታው በሕዝብ ፊት፣ "ጠላ ጠጥቶ ጾሙን ገድፎ ነው!" አለ። ከቅዳሴ ታገዱ። ሰካራም እንደተባሉ ሞቱ።

ዛሬ ስወጣ ወረፋው ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ያንኑ መሪጌታ! አርጅቶ ግድግዳ ተደግፏል። "ልጄ፣ ስሰግድ እየዞረብኝ ተቸገርኩ" አለኝ።

ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ምነው መሪጌታ፣ በጾም ጠላ ቀመሱ እንዴ? የዚያ የሰካራሙ ቄስ ልጅ ነኝ" አልኩት።

አፍሮ አንገቱን ሲደፋ እንደገና ዞረበት።

ሕክምናው የደቂቃዎች ሥራ መሆኑን አልነገርኩትም። ሐኪሟ ትንገረው።

እናንተስ? ታሞ ሳለ ሰካራም የተባለ ዘመድ ካላችሁ ጻፉልኝ። ማን እንዳለውም አትርሱ።