በር ላይ ያስጠበቅኳቸው እንግዶች

ጋሼ ወርቁ፣ ከካፔለ ከተማ። እትዬ ሰናይት፣ ከአምስተርዳም ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር። ጀማል፣ የደቡብ ሮተርዳሙ ወዳጄ። ሰሞኑን ቤት ስቀይር ከካርቶን ውስጥ የወጣው መዝገብ ላይ ሦስቱም በእኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፈዋል። አራተኛው ሰው፣ መዝጋቢው፣ እኔ ነበርኩ።

መዝገቡ ከዴን ሃግ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ያለ፣ ሰው ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት የካምፒንግ ነው። የተከራየሁት ክፍል ተሸጦብኝ ቤት ያጣሁ ጊዜ፣ አንድ በጋ እዚያ በፈቃደኝነት ሠራሁ። እንግዳ እመዘግባለሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን አያለሁ፣ በምትኩ ድንኳኔን በነፃ እተክላለሁ። ለእናቴ "እንግዳ ተቀባይ ሆኛለሁ" ስላት ሆቴል መሰላት። አላረምኳትም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሸዋው ገና በጤዛ እንደረጠበ፣ የጋሼ ወርቁ መኪና የመግቢያው ማገጃ ፊት ቆማ አገኘኋት። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

"ሳትደውሉ! ድንኳን አማራችሁ?"

"አስገባን እስቲ" አለ ጀማል።

"በሩ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ነው። ሰው ተኝቷል።"

"ፈረንጅ ሆነሃል በቃ!" ሊስቅ ሞከረ።

"ግድ የለም ልጄ፣ እንጠብቃለን" አሉ ጋሼ ወርቁ።

ሥራዬን በሥርዓት እንደምሠራ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር። መዝገቡን አምጥቼ በማገጃው ላይ ስማቸውን ጻፍኩ።

"ስንት ሌሊት ታድራላችሁ?"

"አንተ እስከፈለግከን" አሉ እትዬ ሰናይት። ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ማገጃውን አነሳሁ። በትንሿ የጋዝ ምድጃዬ እንቁላል በቃሪያ ጠበስኩላቸው። ማንም አልነካውም። ጀማል ቁራሽ ዳቦ ይዞ ባሕሩን ያያል። እትዬ ሰናይት ከቦርሳቸው ጥቁር ነጠላ አወጡ።

"በረደዎት እንዴ?" አልኩ።

ጋሼ ወርቁ ተነስተው መጥበሻውን ከእጄ ወሰዱ። "ልጄ፣ እናትህ…" አሉ።

አገር ቤት ሳለሁ ስንት ጊዜ ከጎረቤት ጋር መርዶ ለመንገር ሄጃለሁ። ሰዎች ሳይደውሉ ጎህ ሲቀድ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የታየኝ እንግዳ ብቻ ነበር። እናቴ ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗት ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያወራን ቀን፣ ንግግሯን አቋርጬ "እማዬ፣ እንግዳ መጣብኝ፣ ነገ ልደውል" ብያት ነበር።

"በል ቶሎ ሂድ፣ እንግዳ በር ላይ አታቁም" አለችኝ። በማግስቱ አልደወልኩም።

አሁን መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ነው። በሦስቱም ስሞች ፊት የመውጫው ቀን ባዶ ነው። ከጋሼ ወርቁ ቃል በኋላ ያለው፣ መዝገቡን እንዴት ይዤው እንደወጣሁ ጭምር፣ ጠፍቶብኛል። ጀማል፣ ድንኳኔን የነቀልከው አንተ ነህ? እትዬ ሰናይት፣ ምድጃውን ማን አጠፋው? የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። ከሁሉም በላይ ግን ያችን አንድ ሰዓት ንገሩኝ፤ እኔ ማገጃው ወዲህ ሆኜ ሰዓቴን እያየሁ ስስቅ፣ እናንተ መኪናው ውስጥ ምን ትባባሉ ነበር?